ገረጋንቲው ይውጣ፣ አፈሩስ?

ለአዘጋጁ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ዳር ነው ያደግኩት። ከቤታችን በላይ ካለው ተራራ ገረጋንቲ (ለመንገድ የሚነጠፍ ጠጠራማ አፈር) ይወጣል። ይውጣ፣ መንገድ ሁላችንም እንፈልጋለን። የሚያናድደኝ ዶዘሩ መጀመሪያ ገፍቶ ገደል የሚከተው ያንን አንድ ክንድ የማይሞላ ጥቁር አፈር መሆኑ ነው። ብስባሹም፣ ናይትሮጅኑም፣ ትላትሉም ያሉት እሱ ውስጥ ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትሩ ለመፈጠር መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከሥሩ ያለው ቀይ አፈር ፎስፈረሱን ጨብጦ ለሰብል አይለቅም። ታች ሜዳ ያለው ዋልካማ አፈር (በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ፣ በክረምት ጭቃ፣ ግን ሽምብራ ይወደዋል) አምና ከካባው፣ ገረጋንቲው ከሚቆፈርበት ቦታ፣ የወረደ ጠጠር አልብሶት የእናቴ ማሳ ግማሹ ጤፍ አላበቀለም። የላዩን አፈር ለብቻ ከምሮ፣ ሣር ዘርቶበት፣ ካባው ሲያልቅ መልሶ ማልበስ ይሄን ያህል ከባድ ነው እንዴ? ፈቃድ ሰጪዎቹ ይመልሱልኝ።