«ኤች» ማለት ሃይ ኳሊቲ መስሎኝ ነበር

ሰላም የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አሮጌ የሙዚቃ መሳሪያ ግዢ ያወጣችሁትን ጽሁፍ ወድጄው ነበር የማነበው፣ ስለ ሳክስፎን የምታወራው አንቀጽ ጋ ስደርስ ግን ጋዜጣውን አጥፌ አስቀመጥኩት። «ላከሩ ያልለቀቀ፣ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ይምረጡ» ትላለች። ኧረ በናታችሁ! እኔ በዚች ምክር አንዴ ተበልቻለሁ፣ ከዛ ደሞ ማንም ባልነገረኝ ነገር ሁለተኛ ተበላሁ፣ ሶስተኛው ላይ ነው የነቃሁት። ደብዳቤው ከረዘመባችሁ ቁረጡት፣ የኤች ታሪክ ያለበትን ግን እንዳትቆርጡብኝ።

መጀመሪያ ስለ ማብረቅረቁ። ላከር የሚባለው ናሱ ላይ የሚረጭ ስስ ቫርኒሽ ነው፣ ከጊዜ ጋር ይሳሳል፣ ይጫጫራል፣ እጅ የሚያርፍበት ጋ ይላጣል፣ የተላጠው ናስም ይጠቁራል። ይሄ እድሜ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ሰባ ሰማንያ አመት የሞላው ሳክስ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ መስሎ ቦግ ካለባችሁ ወይ ማንም ሳይነካው ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ኖሯል፣ ይሄ ሎተሪ ነው፣ ወይ ደሞ አንዱ ማሽን ላይ አሽቶ አሽቶ አዲስ ላከር ረጭቶበታል፣ የሚበዛው ደሞ ይሄኛው ነው። ሲታሽ ላከሩ ብቻ ቢሄድ ምንም አልነበረም፣ ናሱም አብሮ ይሄዳል፣ ፓዱ፣ ማለትም ቀዳዳውን የሚደፍነው ለስላሳ ክብ ነገር፣ የሚያርፍበት የቀዳዳው ከንፈር ይበላል፣ አንዱ ጋ ዝቅ አንዱ ጋ ከፍ ይላል፣ ከዛ በኋላ የፈለጋችሁትን ፓድ ብታደርጉበት አየር ያስወጣል።

የመጀመሪያዬ እንደዛ ነበረች። አልቶ ናት፣ ከቴነር የምታንሰው የሳክስ አይነት፣ ወርቅ ነው የምትመስለው፣ ሳያት ልቤ ቀለጠ። ቤት አምጥቼ ስነፋት ከታች ያሉት ድምጾች ሎው ሲ ሎው ቢ ምናምን ወይ ፍንክች። ፓዱ ነው ብዬ ሙሉውን አስቀየርኩ፣ ያው ናት። በኋላ አንድ እድሜውን ሙሉ ሲጠግን የኖረ ሽማግሌ ጋ ወሰድኳት፣ አገላብጠው አዩና ሰፊው አፏ ላይ ያለውን ቅርጽ በጥፍራቸው እየዳሰሱ «ልጄ፣ ስትገዛ ይሄን አይተሃል?» አሉኝ። በእጅ የተቀረጸ አበባ ነው፣ ጥፍር መያዝ ነበረበት፣ ልሙጥ ብሏል፣ ብዙ እጅ እንዳለፈበት ሳንቲም ፊቱ ጠፍቷል። ሴሪያል ቁጥሯም እንደዛው ደብዝዟል። እኔ እኮ ያን ሁሉ ጊዜ የማየው መልኳን ነበር።

አሁን የኤች ነገር። ከዛች በኋላ «በቃ ላከር ያለው አልነካም» ብዬ ብር የተለበጠ የ1920ዎቹ (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አልቶ አገኘሁ፣ ቅርጹ ጥፍር ይይዛል፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ቀዳዳዎቹ ልክ ናቸው፣ ሁሉን አይቻለሁ። ጀርባው ላይ ከሴሪያል ቁጥሩ ስር ኤች የምትል የእንግሊዝ ፊደል ተመታለች። እኔም ኤች ማለት መቼም ሃይ ኳሊቲ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ገዛሁት። ከኪቦርድ ጋር ልጫወት ስል ጉድ ፈላ። ሁሉም ኖታ ከፍ ብሏል፣ የግማሽ ኖታን ሁለት ሶስተኛ ያህል። ጆሮዬ ነው ብዬ ቲውነር የሚባለውን የቅኝት መለኪያ አመጣሁ፣ ቲውነሩም አበደ።

ለካ ኤች ሃይ ፒች ነው፣ ከፍ ያለ ቅኝት ማለት። ድሮ መቃኛ በየቦታው ይለያይ ነበር፣ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ኤ የምትባለዋ ኖታ በሰከንድ በ440 ንዝረት አካባቢ የምትቃኝበትንም በ457 አካባቢ የምትቃኝበትንም ጎን ለጎን ይሰሩ ነበር፣ ዝቅተኛው ላይ ኤል ወይ ኤልፒ (ሎው ፒች)፣ ከፍተኛው ላይ ኤች ወይ ኤችፒ ይመቱበታል። በኋላ 440 አሸነፈ፣ በ1939 ለንደን ላይ በተደረገ አለም አቀፍ ስብሰባም ይሄው ተስማሙበት፣ ባለ ኤቾቹ ሜዳ ላይ ቀሩ። «ማውዝፒሱን (አፍ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ) ወደ ውጪ ሳበው» የሚል ሰው አይጠፋም፣ እኔንም ብለውኛል። አይሰራም። ሳክስ ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ የሆነ ሾጣጣ ቱቦ ስለሆነ ማውዝፒሱ ሲሳብ ቱቦው አጭር የሆነላቸው የላይኞቹ ኖታዎች በጣም ይወርዳሉ፣ ረጅሞቹ የታችኞቹ ትንሽ ብቻ፣ ስለዚ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። ቱቦው ራሱ ለሌላ ቅኝት ተለክቶ ነው የተሰራው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ብቻውን ሲነፋ ያምራል፣ ከሰው ጋር መጫወት ብቻ ነው የማይችለው።

በነገራችን ላይ የዛ ዘመን ሌላ ወጥመድ ሲ ሜሎዲ የሚባለው የሳክስ አይነት ነው፣ ከአልቶ ይተልቃል ከቴነር ያንሳል፣ የማያውቅ ሰው ቴነር ነው ብሎ ይሸጥላችኋል። እሱ እንኳን ክፉ ዕቃ አይደለም፣ የፒያኖ ኖታ ሳትቀይሩ ታነቡበታላችሁ፣ ግን አውቃችሁ ግዙት።

ሶስተኛዋ አስቀያሚዋ ናት። ኮን የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የሰራት ቴነር፣ ላከሯ አልቋል፣ ጠቁራለች፣ ሳጥኗ የምድር ቤት ሽታ ይሸታል፣ ፓዶቿ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰባበራሉ። ሽማግሌውን ይዤ ነው የሄድኩት። መልኳን አላዩም፣ መጀመሪያ አንገቷን ነቅለው በጎን በኩል ወደ አይናቸው አስጠግተው ቅስቱን አዩ፣ ማውዝፒስ ሲገፋ ሲነቀል ስንት አመት ወደ ታች ተጎትቶ ሊጎብጥ ይችላልና። ከዛ ቱቦው ቀጥ ማለቱን፣ ወድቃ ታውቅ እንደሆነ ሰውነቷንና አፏን የሚያያይዘው ብረት ዙሪያ ቆሻሻ ብየዳ መኖሩን፣ ቁልፎቹ ሲወዘወዙ ዘንጉ ላይ ምን ያህል እንደሚንቀጫቀጩ። ከሁሉ መጨረሻ ቁጥሯን አዩ፣ ኤል። «ይቺን ያዝ» አሉኝ። ማስጠገኑ ከመግዣዋ በለጠ፣ ግን አልቆጨኝም፣ ግማሹን ስራ ደሞ እሳቸው እያዩኝ ራሴ ነው የሰራሁት።

ቁልፎቹን ስትፈቱ የየዘንጉን ቦታ ካርቶን ላይ እየሳላችሁ ሰኩት፣ ዘንጎቹ ይመሳሰላሉ፣ አንድ አይደሉም፣ እኔ ሁለት አምታትቼ ግማሽ ቀን አጥቻለሁ። ገላዋን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ ነው፣ የፈላ ውሃ የተረፈውን ላከር ይልጠዋል። ስፕሪንጎቹ እንደ መርፌ የሆኑ ሰማያዊ ብረቶች ናቸው፣ ዝገት ከነካቸው ሲገፉ ቀጭ ይላሉ፣ እኔ ሶስት ሰብሬያለሁ፣ የተሰበረውን አውጥቶ በውፍረቱ ልክ ሌላ መተካት የራሱ ስራ ነው።

የኮን ነገር ሲነሳ ደሞ አንድ ነገር መባል አለበት። በድሮዎቹ ኮኖች የቀዳዳው ከንፈር እንደ ኩባያ አፍ ወደ ውጪ ተጠቅልሏል፣ ሌላ ሳክስ ላይ ከንፈሩ ካልተስተካከለ ይሞረዳል፣ እዚህ ላይ ሞረድ ካደረጋችሁት ጥቅልሉ ይበሳል፣ አለቀ። እኔ ሞረዱን አንስቼ ነበር። «እጅህን!» ብለው ጮሁብኝ ሽማግሌው፣ እንደዛ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። ከውስጥ እየተገፋ ከላይ እየተለካ ቀስ ተብሎ ነው የተስተካከለው። ቡሸር የሚባለው ሌላ የአሜሪካ ፋብሪካ የድሮ ሳክስ ላይ ደግሞ ፓዱ በሙጫ አይያዝም፣ መሃሉ ላይ ባለች የሸሚዝ ቁልፍ በመሰለች ነገር ነው ቀጭ ብሎ የሚያዘው፣ ያቺን ነቅለው የጣሉ ጠጋኞች ስንቱን ዕቃ አበላሽተዋል መሰላችሁ።

ፓዱ ከስር ካርቶን፣ መሃል ፌልት፣ ከላይ ቆዳ ነው። ሼላክ የሚባለውን ሙጫ በእሳት አቅልጦ ቁልፉ ውስጥ ማንጠባጠብ፣ ፓዱን ማስቀመጥ፣ ሙቀት እየሰጡ እስኪተካከል ማንሳፈፍ ነው። ከሃያ በላይ ፓድ አለ፣ አንዱን አስተካክላችሁ ወደ ሌላው ስትሄዱ የበፊቱ ዘምም ይላል። ከዛ ማታ መብራት አጥፍቶ ቀጭን አምፖል ወደ ቱቦው ውስጥ መልቀቅ፣ ቁልፉ ተዘግቶ በጠርዙ ክር የምታህል ብርሃን ከወጣች ከዛ ጋ አየርም ይወጣል ማለት ነው። አምፖል ከሌላችሁ የሲጋራ ወረቀት ከፓዱ ስር አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት፣ ዙሪያውን በእኩል መያዝ አለበት። ጂ ሻርፕ የሚባለው ኖታ ቁልፍ ከተጣበቀባችሁ ቶሎ ስፕሪንግ አትወንጅሉ፣ እዛ ጋ ሁለት ስፕሪንግ ነው ያለው፣ ጠንካራው ይዘጋል፣ ስትጫኑት እሱ ይነሳና ደካማው ብቻውን ፓዱን መክፈት አለበት፣ ፓዱ ትንሽ እርጥበት ካጣበቀው አቅሙ አይችልም፣ መጥረግ ነው።

ተጠናቃ ስነፋት መጀመሪያ አሁንም ቅኝቷ ልክ አልመጣም፣ ሞቼ ነበር፣ ማውዝፒሱ ነው ለካ። አዲስ ጠባብ ማውዝፒስ ሰክቼባት፣ ውስጡ ሰፋ ያለ ሲደረግላት ተስተካከለች። ላከሯን አልነካሁትም፣ አሁንም ጥቁር ናት።

ጽሁፋችሁ «ማርክ ሲክስ ካገኙ አይለፉት» ያለው እንኳን ልክ ነው፣ የፈረንሳዩ ፋብሪካ ሴልመር ከ1954 ጀምሮ ሀያ አመት ያህል የሰራው ግሩም ዕቃ ነው። ግን ሴሪያል ቁጥሩ ባለ አምስት አሃዝ ከሆነ ተአምር አለው የሚባለውን እኔ አልገዛውም፣ አምስት አሃዝም ሆኖ የታሸ አለ። ስለ ብረቱ አይነት ለሚከራከሩ ደሞ ታላቁ የጃዝ ሳክስ ተጫዋች ቻርሊ ፓርከር በ1953 ቶሮንቶ ማሲ አዳራሽ የተጫወተው በፕላስቲክ ሳክስ ነው፣ ግራፍተን በሚባለው፣ ሄዳችሁ ስሙት።

ከናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ያቺን «የሚያብረቀርቅ ይምረጡ» የምትለዋን በሚቀጥለው እትም አርሟት። ሁለተኛ ሽያጭ ገጻችሁ ላይ የድሮ ሳክስ የሚያስተዋውቅ ሰው ሴሪያል ቁጥሩንና ከስሩ ያለችውን ፊደል እንዲጽፍ ጠይቁት፣ አንድ ፊደል ናት፣ ቦታ አትይዝባችሁም።

ባለ ኤቿ አሁንም አለችኝ። ስፕሪንጎቿን አውጥቼ ለቴነሯ ልጠቀም አስቤ አይሆኑም አሉኝ፣ እኔም አልጨከንኩም። አንባቢዎቻችሁ ውስጥ በ457 የሚቃኝ ባንድ ያለው ሰው ካለ አድራሻዬ እናንተ ጋ አለ፣ ስጡልኝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ