ለመመለስ 3 ሳምንት ሲቀር

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

በባሕር ማዶ፣ በጦርነት ቀጠና ውስጥ በእርዳታ ሥራ ተመድቤ የማገለግልበት ውል ሊያበቃ 3 ሳምንት ቀርቶታል። እንደታዘብሁት ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ይልቅ የሚያሰጉት የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ጆሮ ተኩሱን ስለለመደ፣ ልብም ቀድሞ አውሮፕላን ስለሚሳፈር፣ በጉዞ ላይ በሬዲዮ ያሉበትን ማሳወቅን የመሰለው ደንብ (እኔም አንድ ቀን ዘንግቼዋለሁ) በቸልታ ይታለፋል። ብዙ ቀጣሪዎች ግን ስንብትን የንብረት ርክክብ ቅጽ ከማስሞላት አያሳልፉትም። ተተኪው 2 ሳምንት እንኳ አብሮ ቢሠራ፣ የትኛው መንገድ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደማይኬድበት በዓይኑ አይቶ ይረከብ ነበር። ከሁሉም የሚከብደኝ እዚያው የሚቀሩት የአገሩ ተወላጅ ባልደረቦቼ ጉዳይ ነው፤ በዓለም ላይ በሥራ ላይ ሳሉ ከሚገደሉት የእርዳታ ሠራተኞች አብዛኞቹ እንደ እነርሱ ያሉት ናቸው፣ የመውጫ ቀንም የላቸውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእርዳታ ሠራተኛ