ጠርዙ የጎደለው አሥር ሳንቲም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ዝም በማለቴ ይቅርታህን እለምናለሁ፤ ምክንያት መደርደሩን ትቼ ብዕር ወዳነሣሁበት ጉዳይ ልለፍ።

በጣና ዳር፣ ከዋርካው ሥር ተቀምጠን ሳንቲም ስንለዋወጥ፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለውን የ1936 ሃያ አምስት ሳንቲም «የአቀራረጽ ስህተት ያለበት ብርቅ ነው» ብዬ ሰጥቼህ፣ ያንተን ጎኑ የተገመጠ የ1969 አሥር ሳንቲም «የተሰበረ ነው» ብዬ ወሰድሁብህ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። የሃያ አምስቱ ጥርስ ከብር ከተሠራው ሃምሳ ሳንቲም ጋር በመጠን ስለተቀራረበ እንዳይምታታ ሆን ተብሎ የወጣለት ነው፤ የአቀራረጽ ስህተቱ ያለው ባንተው አሥር ሳንቲም ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት በማጉያ መነጽር ሳየው፣ ከጉድለቱ ትይዩ፣ በላዩ ከተቀረጸው ደጋ አጋዘን ማዶ ያለው ክፈፍ ሳስቶ ሊጠፋ ደርሶ አገኘሁት። ይህ በመቀስም በሞረድም አይመጣም። መቁረጫው ከብረቱ ዝርግ ላይ ቀድሞ ከተበሳ ቀዳዳ ጋር ተደርቦ ሲያርፍ ክቡ ጎድሎ ይወጣል፤ ያ ጎዶሎ ክብ ጠርዝ በሚያነሣው መኪና ሲያልፍም ጉድለቱ ያለበት ቦታ የሚገፋው ስለሌለ ፊት ለፊቱ ያለው ጠርዝ ሳይጫን ይቀራል። ሳንቲም ሰብሳቢ ዋጋ የሚሰጠው እንዲህ መቅረጫ ቤት ውስጥ ለደረሰ ስህተት እንጂ በኋላ በሰው እጅ ለደረሰ ጉዳት አይደለም። በእርግጥ የተገመጠ ሳንቲም በብዙ አገር ስለሚገኝ፣ አሜሪካኖች በጦርነቱ ምክንያት አንድ ሳንቲማቸውን በብረት በቀረጹበት በ1943 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከዓመት በፊት በቀረ ነሐስ ላይ በስህተት እንደታተሙት ጥቂቶች ብዙ ሀብት አያመጣም፤ ለእኔና ላንተ ግን ትልቅ ነገር ነው።

አንድ የምናዘዘው አለኝ፤ እንዴት እንደምጽፈው ጨንቆኛል። አንተ ከባሕር ዳር በሄድህ በዓመቱ አንድ እንግዳ ሰብሳቢ ሳንቲሙን አይቶ ልግዛህ አለኝ። አልሸጥሁለትም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ዋጋ ያለው መሆኑን ጠርጥሬ ሳለ ላንተ አልነገርሁህም፣ ደብዳቤ መጻፍም ያቆምሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ትናንት ደግሞ አምሮ እንዲደርስህ በሎሚና በአመድ ላሸው ተነሥቼ፣ የታሸ ሳንቲም ዋጋው እንደሚወድቅ አስታውሼ እጄን ሰበሰብሁ።

አሁን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጬልሃለሁ። በሰው እጅ ለመላክ ልቤ አልደፈረም፤ መጥተህ ውሰደው። ሃያ አምስቱም ያንተው ይሁን።

ወንድምህ፣ ከባሕር ዳር