የድሮውን ስልክ የምታውቁ፣ ብቅ በሉልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ቸርችል ጎዳና አቅራቢያ ባለች አንዲት ትንሽ የድሮ ስልክና ቴሌግራፍ ሙዚየም ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። እንግዳ አስጎበኛለሁ፣ አቧራም እጠርጋለሁ።

ልጆች ከሁሉ የሚወዱት ባለ እጀታውን ስልክ ነው። ቁጥር የሚባል ነገር የለውም። እጀታው ሲዞር ውስጡ ያለው ማግኔት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ በሌላው ጫፍ ደወል ይጮኻል። ድሮ ያን ደወል ሰምታ መስመር የምታገናኘው ኦፕሬተሯ ነበረች፤ በገመድ፣ በገዛ እጇ። ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ወሬውን ትሰማ ነበር?» ይሉኛል። ይህን መመለስ ያለበት እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሥራ ነው። እሱን አንብቤ እናገራለሁ። የእጅ ሙያው ግን መጽሐፍ ላይ የለም፤ በሠሩት ሰዎች ዘንድ ነው ያለው፤ እነሱ ደግሞ እያረጁብን ነው።

ቴሌ ወይም ፖስታ ቤት ሠርታችሁ ጡረታ የወጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እባካችሁ አንድ ቅዳሜ ብቅ በሉ። የቴሌግራፍ መልእክት በአጭርና በረጅም ምት የሚላክበትን ሞርስ የምትመቱ ካላችሁማ መምቻው ጠረጴዛው ላይ ነው። ቡና እኛ እናፈላለን።

በጎ ፈቃደኛዋ፣ ከአዲስ አበባ