የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች፦ ለጎጦቻችን የመብራት መስመር ዝርጋታ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ከጮቄ ተራራ ግርጌ እስከ ዓባይ ሸለቆ ባለው የጎጃም ምድር ተወልዳችሁ ያደጋችሁ፣ ዛሬ በአገር ውስጥም በውጭ አገርም የምትኖሩ ወገኖቻችን ሆይ፣ ይህን ጥሪ የምጽፍላችሁ የቀበሌያችን የመብራት መስመር አስተባባሪ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ነው። የምንጠይቃችሁ ገንዘብ ለአንድ የታወቀ ሥራ ይውላል። እርሱም ከወረዳው ከተማ ተነስቶ እስከ ቀበሌያችን ጫፍ የደረሰውን የ33 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ሦስቱ መብራት ያላዩ ጎጦች ማስገባትና፣ ቀድሞ መብራት በገባበት ጎጥ ደግሞ ከአቅሙ በላይ የተጫነውን መስመር በሁለተኛ ትራንስፎርመር ማገዝ ነው።

አካባቢያችን ለአገሪቱ ኃይል ከሚገኝባቸው ውኆች ራስ ላይ የተቀመጠ ነው። በጢስ ዓባይ ተርባይን መዞር ከጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከጣና የሚወጣው ውኃ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውንና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የበለስ ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን፣ ለእርሱ ግንባታ የጎጃም ገበሬ ጤፉን ሸጦ ቦንድ ገዝቷል። ከፍተኛው መስመር በብረት ማማ ላይ ሆኖ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ፣ ከሥሩ ከብት የሚጠብቁት ልጆች ማታ የሚያጠኑት በኩራዝ ነው።

ብዙ ሰው "ሽቦው በላያችን እያለፈ ለምን አይቀጥሉልንም?" ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሊታወቅ ይገባል። በማማው ላይ ያለው ኃይል 400 ሺህ ቮልት የሚደርስ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ሰው ቤት ሊገባ አይችልም። በመጀመሪያ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ወይም 15 ሺህ ቮልት ዝቅ ይላል፣ በዚያው መጠን በምሰሶ ላይ ተጉዞ ወደ ጎጡ ይቀርባል፣ በመጨረሻም በትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ወርዶ ቤት ይገባል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ማመንጨቱንና ማስተላለፉን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉንና ሽያጩን ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይሠሩታል። እኛን ያስቸገረን ይህ የመጨረሻው እርከን ነው፤ ቤቶች ተራርቀው በተሠሩበት ገጠር ለጥቂት አባወራ ብዙ ምሰሶና ብዙ ሽቦ ስለሚያስፈልግ ወጪው ከፍ ይላል፣ ተራውም ይዘገያል።

ተራው እስኪደርስ መጠበቅ ሲያቅተን ከዓመታት በፊት በአንደኛው ጎጥ ገንዘብ አዋጥተን፣ በተገኘው ቀጭን ሽቦና ከጓሯችን በተቆረጠ ባሕር ዛፍ ዝቅተኛ መስመር፣ ማለትም ከትራንስፎርመር ወደ ቤት የሚገባውን ባለ 380 እና 220 ቮልት መስመር፣ አስጎተትን። የዚያን ጊዜ ደስታችንን አልረሳውም። እናቴ የምትኖረው ከትራንስፎርመሩ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሽቦው መጨረሻ ላይ ስለሆነ የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀን አምፖሉ ደህና ያበራል፤ ማታ ግን ፍም መስሎ ይቀላል። ምጣዱን ሰክታ ብትጠብቅ ብትጠብቅ አይግልም፣ ሊጡን ስታፈስበትም እንጀራው ዓይን ሳያወጣ እንደ ቂጣ ይደርቃል። በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ሁሉም ቤት ምጣዱን በአንድ ጊዜ ሲሰካ ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ፤ ጎጡም ለወራት ጨለማ ውስጥ ገባ። ምሰሶዎቹንም ምስጥ እየበላቸው አንድ በአንድ ዘመሙ።

ጥፋቱ የእናቴም የምጣዱም አልነበረም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 4 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ውፍረቱ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የአሉሚኒየም ሽቦ 220 ቮልቱን አንድ ኪሎ ሜትር ብንወስደው፣ ያንን አንድ ምጣድ ብቻ ስንሰካ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ወደ 180 ቮልት ብቻ ነው፤ የምጣዱም ሙቀት ወደ ሰባ በመቶ ይወርዳል። ጎረቤት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ባለ 25 ኪሎ ቮልት አምፒር፣ ማለትም ቢበዛ 25 ኪሎ ዋት ገደማ የሚሸከም፣ ትራንስፎርመርም ቢሆን ስድስት ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተሰካ ሞላ ማለት ነው። በ33 ሺህ ቮልት ሲጓዝ ግን ያው ኃይል በ380 ቮልት ከሚፈልገው የኤሌክትሪክ ፍሰት ከ80 እጥፍ በላይ ያነሰ ይበቃዋል፤ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነውም በሺዎች እጥፍ ይቀንሳል። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ መካከለኛውን፣ ማለትም ባለ 33 ሺህ ቮልቱን፣ መስመር እስከ ጎጡ እምብርት አስገብቶ፣ ትራንስፎርመሩን መሐል ተክሎ፣ ዝቅተኛውን መስመር ማሳጠር ነው። ዛሬ ከፊተኛው ጊዜ የበለጠ የምንጠይቃችሁ ርካሹን መንገድ አንድ ጊዜ ሄደን ስላየነው ነው።

ምሰሶዎቹ በመድኃኒት የተነከሩ ይሆናሉ። መሬታችን ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በደንብ ያልተተከለን ምሰሶም ይጥላል። ዘጠኝ ሜትር ለሚሆን ምሰሶ አንድ ሜትር ተኩል ጉድጓድ ቆፍረን ዙሪያውን በድንጋይ እንጠቀጥቃለን። የጮቄ ግርጌ መብረቅ የሚበዛበት ስለሆነ ለእያንዳንዱ ትራንስፎርመር የመብረቅ መከላከያ፣ ፊውዝና በቂ የመሬት ሽቦ እንዲኖረው፣ ሽቦው ምሰሶውን እንዳይነካ የሚይዙት ስኒዎችም ለመጠባበቂያ ተርፈው እንዲገዙ ወስነናል። ቅየሳውንና ዝርጋታውን የሚሠሩት ሥራው የሚመለከታቸው ባለሙያዎች ናቸው፤ ከእንግዲህ ማንም በግምት ሽቦ አይጎትትም።

የጎጦቹ ነዋሪዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ጉድጓዱን በደቦ ለመቆፈር፣ ድንጋዩን በአህያ ለማጓጓዝ፣ ምሰሶ መኪና ካልገባበት ቦታ በሸክም ለማድረስ በየእድሩ ተመድበዋል። ከሁሉ የከበደኝ የባሕር ዛፉ ጉዳይ ነበር። ባሕር ዛፍ ለገበሬው ባንኩ ነው፤ ልጅ የሚዳርበት፣ ማዳበሪያ የሚገዛበት ነው። ሆኖም ቅርንጫፍ ሽቦ በነካ ቁጥር መብራቱ ስለሚጠፋና ለሰውም አደጋ ስለሚሆን፣ መስመሩ የሚያልፍባቸው አባወራዎች ዛፋቸውን ያለ ካሳ ለመቁረጥ በሽማግሌ ፊት ፈርመዋል። አንድ አዛውንት ሃያ ዓመት ያሳደጉትን መደዳ በራሳቸው መጥረቢያ መቁረጥ ሲጀምሩ ቆሜ አይቻለሁ፤ ይህን ጥሪ እንድጽፍ ያስቸኮለኝም እርሱ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 65 በመቶ የሚሆነውን ሕዝብ ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ በሶላርና ይህን በመሳሰሉ አማራጮች ለማዳረስ ያቀደ ነበር። ሶላር ለአምፖልና ለስልክ ባለውለታችን ነው፤ ወፍጮንና ምጣድን ግን በቤታችን ያለው ትንሽ ሶላር አይችላቸውም። በቧንቧ የሚመጣ ጋዝ የለንም፣ የሲሊንደር ጋዝም ከከተማ አልፎ ወደ እኛ አይዘልቅም። ማሳውን ሊያዳብር የሚገባው ኩበት ምድጃ ውስጥ መግባቱን የሚያቆመው ኤሌክትሪክ ነው። ጤና ኬላውም ክትባትን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ለማቆየት የማይቆራረጥ ኃይል ይፈልጋል።

ድጋፉን በምሰሶ ቆጥረነዋል። በዝቅተኛው መስመር ምሰሶዎች በግምት 50 ሜትር ቢራራቁ ለአንድ ኪሎ ሜትር 20 ምሰሶ ያስፈልጋል። አቅሙ የፈቀደ አንድ ምሰሶ ከነስኒውና ከነሽቦው ይሸፍን፤ ያልቻለ ከጓደኛው ጋር ይካፈል። በከተማ ያላችሁ የተወላጅ ማኅበራትና እድሮች ተባብራችሁ ትራንስፎርመር ብትይዙልን ትልቁን ሸክም ታነሱልናላችሁ። ከሚሰበሰበው ላይ የተወሰነው ለድንገተኛ ብልሽትና ለመስመሩ ጠረጋ በመጠባበቂያነት ይቀመጣል፤ ፊተኛው መስመር ለወራት የሞተው ይህ ስላልነበረው ጭምር ነውና።

ገንዘቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ነው። ከሦስቱ አንዷ ገና መብራት ካልገባባቸው ጎጦች የተመረጠች እናት ናት። ገቢና ወጪው በየወሩ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከቅዳሴ በኋላ ይነበባል፤ ደረሰኙም ለየማኅበራቱ ተወካዮች ይላካል። የሂሳብ ቁጥሩን የምታገኙት የኮሚቴው ማኅተም ካረፈበት ደብዳቤ ብቻ ስለሆነ፣ በሌላ መንገድ በደረሳችሁ ቁጥር ምንም እንዳታስገቡ አደራ እንላለን።

ምሰሶ የጫነ መኪና ወደ ጎጦቹ የሚገባው በበጋ ብቻ ነው። ዋልካውም እየደረቀ ሲሄድ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር፣ ቁፋሮው ከጥምቀት ማግሥት እንዲጀመር ቀን ቆርጠናል። የዕቃ ግዢውን ዝርዝር ከዚያ በፊት መጨረስ ስላለብን፣ ልትሸፍኑ ያሰባችሁትን የምሰሶ ቁጥር እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ በየአካባቢያችሁ ላለው የማኅበር ተወካይ እንድታስመዘግቡ በአክብሮት እንጠይቃለን።