የሚያጉረመርሙትን ይስሙ፦ ለሰላምና እርቅ ቢሮ ኃላፊ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የቢሮው ኃላፊ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። በቤተ ክርስቲያን የሽምግልና አገልግሎት ለዓመታት የቆየሁ ምእመን ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከቢሮዎ በሚወጡ መግለጫዎች ላይ ደጋግሜ የማነበው አንድ ሐረግ ነው፦ «ችግሩ በቁጥጥር ሥር ውሏል።» በቁጥጥር ሥር የዋለው ጩኸቱ ይሁን ወይም ሰውን ያስጮኸው ጉዳይ፣ መግለጫው አይናገርም።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት አቤቱታ ይዘው ወደ እኛ መጡ። ወረቀቱ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ኖሮ በእጥፋቶቹ ላይ ተበጥሷል፤ በፕላስተር አያይዘውታል። ማኅተም በማኅተም ላይ ተመቶበታል፣ መልስ ግን የለበትም። እንደ ልማዴ እንዲረጋጉ ልመክራቸው ስጀምር አቋረጡኝ። «ልጄ፣ እኔማ ተረጋግቼ ነው ስምንት ዓመት የተመላለስኩት። የተረበሹት ልጆቼ ናቸው» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ክርስቲያን ነኝና መጽሐፍ ቅዱስን ገለጥኩ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ልትከፈል ትደርሳለች። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻቸው በዕለታዊው እደላ ችላ በመባላቸው በዕብራውያኑ ላይ አጉረመረሙ። የቋንቋ፣ የትውልድና የእንጀራ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ተነሣ ማለት ነው። ሐዋርያቱ «አንድነታችንን አታውኩ» ብለው ሊገሥጹ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። የተመረጡትን ስሞች ልብ ብለው ያንብቡ፤ ከእስጢፋኖስና ከፊልጶስ ጀምሮ እስከ አንጾኪያው ኒቆላዎስ ድረስ ሰባቱም የግሪክ ስሞች ናቸው። እደላው ተበደልን ባሉት ወገኖች እጅ የገባ ይመስላል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ማጉረምረሙ ባይሰማ ኖሮ ያ የአገልግሎት ሥርዓት ባልተወለደ ነበር። ምዕራፉም ከዚያ በኋላ የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ እንደ ሄደ ይነግረናል።

የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ተመሳሳይ ዕድል ነበረው። ሕዝቡ በሴኬም «ቀንበራችንን አቅልልን» አለው። ሽማግሌዎቹ በበጎ ቃል መልስላቸው አሉት፤ እርሱ ግን የእኩዮቹን ምክር ሰምቶ በጊንጥ እገርፋችኋለሁ አለ። መንግሥቱ ለሁለት ሲሰነጠቅ ደግሞ ማንን እንደ ላከ ይመልከቱ፦ የግዳጅ ሥራውን አለቃ! ሕዝቡ የተማረረበትን ሰው ለማረጋጋት ላከ፤ ሰውየው በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ክቡር ሆይ፣ በደል ፈጽሟል የተባለውን ሹም የአጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ማድረግ ዛሬም የተለመደ አሠራር ነው።

ግጭት መልካም ነው እያልኩ እንዳይመስልብኝ። የሚፈሰው ደም የእግዚአብሔርን መልክ የተሸከመ ሰው ደም ነው፤ ማንም ለለውጥ ሲባል ይፍሰስ ሊል አይገባውም። እኔ የምለው ቅሬታው ወደ ደም ከመድረሱ በፊት በር ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ጀርመኗ ላይፕሲግ ከተማ በቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ሰኞ ሰኞ ለሰላም ይጸለይ ነበር። ኦክቶበር 9 ቀን ከ70,000 የማያንሱ ሰዎች ሻማ ይዘው አደባባይ ወጡ። የታጠቀው ኃይል አልተኮሰም። በወሩ የበርሊን ግንብ ተከፈተ።

እኛም ጥፋት አለብን፤ ሳልናገረው ባልፍ ደብዳቤዬ ግብዝነት ይሆናል። «ይቅር በሉ» የምንለው ብዙ ጊዜ አስቀድመን ለተበደለው ነው፤ መባ አምጥቶ ለቆመው በዳይ ግን ዝም እንላለን። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባህን ትተህ ሂድ ያለው ወንድሙ ያዘነበትን ሰው ነው። መሄድ ያለበት ቅሬታ የቀረበበት ወገን ነው ማለት ነው። ዘኬዎስም መዳን ለቤቱ ሆነለት የተባለው በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ካለ በኋላ ነው። ይህን በመድረካችን ላይ ለማስተማር ቃል እገባለሁ።

ከእርስዎ የምለምነው ደግሞ ይህ ነው። ባለሙያዎችዎ ቅሬታ ወዳለበት ቦታ ድንጋይ ሳይወረወር ይሂዱ፤ ሲሄዱም ለመምከር ሳይሆን ለመስማት። የሚቋቋሙት ኮሚቴዎች ተበድለናል የሚሉት ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች ይኑሩባቸው፣ ድምፃቸውም የሚቆጠር ይሁን። ለየአቤቱታው መልስ የሚሰጥበት ቀን ይቆረጥ። እምቢታ እንኳን ቢሆን በጽሑፍና ከነምክንያቱ ይሰጥ፤ የተነገረው ሰው ቢያንስ ይግባኝ የሚልበት ነገር ይኖረዋል።

እኚያ እናት አሁንም ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት ታላቁን ልጃቸውን አስከትለው ነበር። እርሱ አልተቀመጠም፤ በሩን ተደግፎ ቆሞ እናቱ ወረቀቱን በጥንቃቄ ሲዘረጉ ያይ ነበር። ቀጠሮ ከሰጡን ሁለቱንም ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ