የፖሊስ ጣቢያን ማን ይመዝነው?

ለኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽነር ጄኔራል
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ)
ጉዳዩ፦ ፖሊስ ጣቢያዎች በገለልተኛ አካል ተመዝነው እውቅና እንዲሰጣቸው ስለመጠየቅ

ክቡር ኮሚሽነር ጄኔራል፣

ክሊኒክ ያለ ፈቃድ ደም አይመረምርም፤ የግል ኮሌጅም እውቅና ሳያገኝ ተማሪ አይመዘግብም። ተቆጣጣሪ መጥቶ ክፍሉን ያያል፣ መዝገቡን ይገልጣል፣ ካልተሟላ ያሽጋል። የሰው ልጅን ይዞ የሚያሳድረውን ፖሊስ ጣቢያ ዐቃቤ ሕግም ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ሊጎበኘው ይችላል፤ «ይህ ጣቢያ ደረጃውን አሟልቷል፣ ያ አላሟላም» ብሎ ለሕዝብ የሚናገር ግን የለም።

ሕጉ አልጎደለንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ተገዶ ቃሉን እንዳይሰጥ ይደነግጋል። 48 ሰዓቱ እንዲያውም ከ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ጀምሮ ያለ ነው። አንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰቡ፣ ጠበቃውና ሐኪሙ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል።

ዘመዴ የተያዘ ዕለት ስንቅ ይዘን ስንሄድ ተረኛው መዝገቡን ሳይገልጥ «እዚህ የለም» ብሎ መለሰን። ከሰዓት የተተካው ተረኛ ያንኑ መዝገብ ገልጦ ስሙን በጣቱ አሳየን። ቀኑ ተጽፏል፤ የተያዘበት ሰዓት ግን ባዶ ነው። ታዲያ 48 ሰዓቱ ከየት ተነሥቶ ይቆጠር? ሁለተኛው ፖሊስ ትሑት ሰው ነበር፤ ምሳ ዕቃውን ራሱ ተቀብሎ አስገባልን። የዜጋ መብት ግን በተረኛው ጠባይ ሊወሰን አይገባም። ፍርድ ቤት ዋስትና ከፈቀደ በኋላም ሰው ሳይለቀቅ እንደሚቀር ኢሰመኮ ደጋግሞ ገልጿል።

በአሜሪካ አራት የፖሊስ ኃላፊዎች ማኅበራት ተባብረው በ1979 እ.ኤ.አ. ካሊያ የተባለ እውቅና ሰጪ ኮሚሽን አቋቁመዋል። የፖሊስ መምሪያዎች በፈቃዳቸው ያመለክታሉ፤ መዛኞች ከውጭ መጥተው መመሪያው በሥራ ላይ መዋሉን ያያሉ፣ የነዋሪውንም አስተያየት ይቀበላሉ። እውቅናው በአራት ዓመቱ ይታደሳል። እውቅና ያገኘ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ወረቀት አሳምሮ ማለፍም አለ። ስለዚህ የእኛ መዛኝ መመሪያ አንብቦ አይመለስ፤ መዝገብ ይግለጥ፣ ታሳሪ ለብቻው ያነጋግር፣ ሳያስታውቅ በሌሊት ይግባ።

ይህ ፖሊሱንም ይጠቅማል። ታሳሪ የሚያመላልስበት መኪና የሌለው ጣቢያ 48 ሰዓቱን ቢያሳልፍ ጥፋቱ የመርማሪው ብቻ አይደለም፤ ጉድለቱ በሪፖርት ከወጣ ግን በጀት ይጠየቅበታል። ሰንዳፋ በሚገኘው ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ የሰለጠነ መኮንንም የተማረውን የሚሠራበት ጣቢያ ይገባዋል።

ከሐምሌ 1 ከሚጀምረው የበጀት ዓመት አንሥቶ ምዘናው በአዲስ አበባ በጥቂት ጣቢያዎች እንዲሞከር ያዝዙልን ዘንድ እጠይቃለሁ። በቡድኑ ውስጥ የኢሰመኮ ባለሙያ፣ ጠበቃና ሐኪም ይኑሩበት። የተያዘበት፣ ፍርድ ቤት የቀረበበትና የዋስትና ትእዛዝ የደረሰበት ሰዓት ያልተመዘገበበት ጣቢያ አይለፍ። ውጤቱ በጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ፤ የወደቀውም ምን፣ እስከ መቼ እንደሚያስተካክል አብሮ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ